ለማየት ስንት ነው?

«ፖከር ማለት መዋሸት መቻል ነው።»

ይህን አነጋገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአትላስና በዙሪያው ያልሰማሁበት ካፌ የለም ብል ብዙም አላጋነንኩ። ተናጋሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። ካርታ የሚጫወቱ አሉባቸው፤ የላስ ቬጋስን ውድድር በስልካቸው ከመመልከት በቀር አንድ ጥቅል ካርታ በእጃቸው በውዘው የማያውቁም አሉባቸው። አነጋገሩ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ያስከትላል። አንደኛው፣ «ሕይወትም ፖከር ናት፤ ያልፎገረ አይበላም» ይላል። ሁለተኛው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ጨዋታ የተፈጠርን ነን፤ የሰምና ወርቅ ልጆች አይደለንም እንዴ?» ይላል።

በበኩሌ ሦስቱም ሐሰት ናቸው እላለሁ። ሐሰት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ሰው በካርታ ጨዋታ ስለተሳሳተ አገር አይፈርስም። ነገር ግን ሦስቱ አባባሎች ተደጋግፈው ከጠረጴዛው ወርደዋል፤ አስፋልት ላይ ወጥተዋል። ቤት ስንከራይ፣ ዕቃ ስንገዛ፣ ሥራ ስንፈልግ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ስለዚህ ተወለድንበት ከሚሉት ቦታ፣ ከትንሿ የካርታ ጠረጴዛ ልጀምር።

በቅድሚያ ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት ፖከር «ቴክሳስ ሆልደም» የሚባለው ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደለዋል፤ ከእሱ በቀር ማንም አያያቸውም። ከዚያ አምስት ካርታዎች ጠረጴዛው መሃል ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። እነዚህ የሁሉም ናቸው። ከሰባቱ ውስጥ የተሻለ አምስት ያወጣ ያሸንፋል። በዚህ መሃል አራት ጊዜ ገንዘብ ይመደባል። አንዱ ሲመድብ ሌላው ሦስት ምርጫ አለው፤ ካርታውን ጥሎ መውጣት፣ እኩል ከፍሎ መቆየት፣ ወይም ጨምሮ መልሶ ማስፈራራት። ሁሉም ጥለው አንድ ሰው ብቻ ከቀረ፣ ካርታውን ለማንም ሳያሳይ የተጠራቀመውን ይወስዳል። ፉገራ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ትልቅ ካርታ እንደያዘ ሆኖ ይመድባል፤ ሌሎቹ ፈርተው ከጣሉ ገንዘቡ የእሱ ነው። ፈረንጆቹ «ብላፍ» ይሉታል።

እኔ የምጫወትበት ቤት ከአትላስ ወደ ሃያ ሁለት ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ሆነን ቅዳሜ ማታ እንሰበሰባለን። አንድ ሰው 200 ብር ይዞ ይገባል። ያ ካለቀበት አንድ ጊዜ መድገም ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ሻይ እየጠጣ ይመለከታል እንጂ አይጫወትም። በገንዘብ ፈንታ የለስላሳ ቆርኪ እንቆጥራለን፤ አንዱ ቆርኪ 5 ብር ነው። መምህር አለን፤ የመድኃኒት ባለሙያ አለን፤ ታክሲ ነጂ አለን፤ በባንክ የምትሠራ እህት አለችን። ወሩን ሙሉ የተሸነፈ ሰው የሚያጣው ገንዘብ ቦሌ ላይ ጓደኞቹን ምሳ ቢጋብዝ ከሚያወጣው አይበልጥም። ትንሽ መደብ የምለው ይህንን ነው።

ወደዚህ ጠረጴዛ አንድ ምሽት አንድ ወጣት በጓደኛችን በኩል መጣ። ጥቁር መነጽሩን መብራት በርቶ ሳለ አላወለቀም። እጁን አገጩ ሥር አድርጎ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ እንደ ሐውልት ተቀመጠ። በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ካርታው እኮ ምንም አይደለም። ዋናው በጠረጴዛው ላይ የሚኖርዎት ገጽታ ነው። መጀመሪያ ጠንቃቃ መስለው ይታያሉ፤ ሁሉም ሲያምንዎት ያኔ ይፎግሯቸዋል» ሲል መከረኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ምክሩም ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። በጽኑ ትምህርቱ መሠረት ለሁለት ሰዓት ያህል ጠንቃቃ መስሎ ተቀመጠና ሦስት ጊዜ ፎገረ። ሦስቱንም ጊዜ የባንኳ እህታችን ቆርኪዋን እየቆጠረች፣ «ለማየት ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ከፈለች፤ አየች፤ ሰበሰበች። ለሁለት ሰዓት የገነባው ገጽታ በእሷ ዘንድ አልነበረም። አላየችውማ! ስታወራ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው አባባል የሚፈርሰው። ገጽታ ወይም በእኛ አማርኛ ስም ብቻውን አይኖርም፤ የሚያይና የሚያስታውስ ይፈልጋል። በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሥራቸው እርስ በርስ መተያየት ነው፤ ማን መቼ መደበ፣ ማን መቼ ጣለ፣ ሲያስታውሱ ያድራሉ። በቅዳሜው ጠረጴዛ ላይ ግን ሰው የሚያየው የራሱን ሁለት ካርታ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኳስ ጨዋታውን ነው። እኛ በአንድ ምሽት መቶ ያህል ጊዜ ካርታ እናድላለን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የአንድ ሰው ካርታ ተገልጦ የሚታየው ከአሥር ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ታዲያ በአሥር ማስረጃ፣ ለዚያውም ማንም ልብ ብሎ ባላየው ማስረጃ፣ የምን ስም ይገነባል?

ስም የሚባል ነገር የለም እያልኩ ግን አይደለም። አለ። የሚሠራው በመነጽርና በትከሻ ሳይሆን በወራት ነው። የመድኃኒት ባለሙያው ጓደኛችን ሲመድብ ሁላችንም ቆም እንላለን። ለምን? ዓመት ሙሉ ሲመድብ እያየን ከፍለን፣ ዓመት ሙሉ እውነቱን ሆኖ አግኝተነዋል። ስሙን አልሠራውም፤ ኖረው። ከዚህም የሚከተለው ነገር ወጣቱ ከሚሰብከው ተቃራኒ ነው፤ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጣ ገጽታ ቢኖር የእውነተኛ ሰው ገጽታ ብቻ ነው፤ እሱንም ለማግኘት እውነተኛ ከመሆን የሚቀርብ አቋራጭ የለም።

«ግን እኮ ፉገራ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው» የሚሉኝ አሉ። መልካም፤ እስቲ ሒሳቡን እንየው። መሃል ላይ 60 ብር ተጠራቅሟል እንበል። እኔ በባዶ እጄ 60 ብር መደብኩ። ተቃዋሚዬ ከጣለ 60 አገኛለሁ፤ ከከፈለ 60 አጣለሁ። እንግዲህ ሳልከስር ለመውጣት እንኳ ከሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ መጣል አለበት። የባንኳ እህታችን ግን ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ብትጥል ነው። በአምስት ሙከራ አንድ ጊዜ 60 አግኝቼ አራት ጊዜ 60 አጣለሁ፤ የተጣራ ኪሳራ 180 ብር። አሁን ደግሞ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንመልከት። 60 ብር ከፍላ የምታገኘው 120 ብር ነው። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ትክክል ከሆነች አትከስርም። ሒሳቡ ለፎጋሪው ሳይሆን ለጠያቂዋ ያደላል።

ይህ ተቃዋሚ አንድ ሲሆን ነው። ሦስት ሰዎች ቢሆኑና እያንዳንዳቸው ከሁለት ጊዜ አንድ ጊዜ የሚጥሉ ሰዎች ናቸው ብንል እንኳ፣ ሦስቱም አብረው የሚጥሉት ከስምንት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በትንሽ መደብ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሦስትና አራት ሰው ሆኖ መቆየት የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነዋ! አባቶች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ ስለ ፖከር የተናገሩ ይመስለኛል። ጥያቄው ግን ሞኙ ማን ነው የሚል ነው። የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው ወይስ እንደማይለቅ እያወቀ ልቀቅ እያለ የሚያስፈራራው?

ወጣቶቹ የሚጠሩት የመጀመሪያ ምስክር ትውልደ ሀንጋሪው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ነው። እርግጥ ነው፤ ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ፖከርን አቅልሎ በሒሳብ መርምሯል፤ ፉገራም ምክንያት ያለው ሥራ መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ጥቅም አገኘበት። አንደኛው የታወቀው ነው፤ ደካማ ሆነህ ብርቱ መምሰል። ሁለተኛው ግን የተዘነጋው ነው፤ አልፎ አልፎ የሚፎግር ሰው እውነተኛ ትልቅ ካርታ የያዘ ለት፣ «ምናልባት እየፎገረ ይሆናል» ብለው ይከፍሉታል። እንግዲህ ልብ በሉ! እኛ ጠረጴዛ ላይ ሳይፎገሩም ይከፍላሉ። በነፃ የሚሰጥህን ነገር በገንዘብ መግዛት ምን ዓይነት ብልጠት ነው?

ሁለተኛው ምስክር ክሪስ መኒሜከር ነው። በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ የነበረው ይህ አሜሪካዊ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ በ2003 (እ.ኤ.አ.) 839 ሰዎች የተካፈሉበትን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ሳሚ ፋራ የተባለውን ባለሙያ በባዶ እጁ ያለውን ቆርኪ ሁሉ መድቦ አስጣለው። የአትላስ ወጣት ሁሉ ይህን ፊልም ያውቀዋል። ነገር ግን የሚያየው መኒሜከርን ነው፤ ፋራን አያይም። ያ ፉገራ የሠራው ፋራ መጣል የሚችል ሰው ስለነበረ ነው። ሁለት ዘጠኝ ይዞ ነበር፤ የሚያሸንፍ እጅ ነበር። አሰበ፣ አመዛዘነ፣ ጣለው። እውቀቱ ጎዳው። የእኛዋ እህት በፋራ ወንበር ላይ ተቀምጣ ብትሆን ኖሮ ሁለት ዘጠኟን ይዛ፣ «ለማየት ስንት ነው?» ትል ነበር፤ መኒሜከርም ያን ዙር በታሪክ አይነሣለትም ነበር።

ሦስተኛ ምስክር እኔ ራሴ ልጥራ። በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ «ሊብራተስ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በፒትስበርግ ከተማ ከአራት የታወቁ ተጫዋቾች ጋር በድምሩ 120,000 እጅ ተጫውቶ አራቱንም ረታ። ይህ ፕሮግራም ይፎግራል፤ ደፍሮ ይፎግራል። ግን ፊት የለውም። መነጽር አያደርግም። አገጩን አይደግፍም፤ አገጭ የለውማ! የተቃዋሚውን ዓይንም አያነብም። የሚፎግረው በመጠን ነው፤ ስንት ጊዜ እውነት፣ ስንት ጊዜ ሐሰት መሆን እንዳለበት አስልቶ። «ፖከር የፊት ጥበብ ነው» የሚለውን ተረት የቀበረው ይህ ፊት የለሽ ተጫዋች ነው።

ታዲያ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይፎገርም ወይ? ይፎገራል፤ እኔም እፎግራለሁ። ሦስት ነገር ሲገጥም ነው። ፊት ለፊቴ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፤ ያ ሰው ደግሞ መጣል እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት ሲሆን፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ምድብ ጀምሮ ያደረግሁት ሁሉ አንድ ታሪክ የሚናገር ሲሆን ነው። አራት ጊዜ ገንዘብ ይመደባል ብያለሁ፤ ሦስቱን ጊዜ እንደ ፈሪ ሆኖ በአራተኛው ጀግና የሆነ ሰው ውሸቱን በራሱ አፍ መስክሯል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። ይህ ሁሉ ሲሆን በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ ቢገጥም ነው። የቀረው ሰዓት ምንድን ነው? መጠበቅ! ሁለት የተለያዩ ካርታዎች የያዘ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ጋር አንዱን እንኳ የሚያጣምረው በአማካይ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ሁለት አስ አንድ ላይ የሚደርሰው ከ221 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ባዶ ጊዜ በፉገራ ሊሞላው ይሻል። ደግ ካርታ ሲመጣ ግን ደፍሮ መመደብ ነው፤ ይከፍሉሃልና። የትንሽ መደብ ጥበብ ተጠቃሎ ይኸው ነው፤ ለፊልም አይመችም።

አሁን ወደ ሰምና ወርቅ ልለፍ፤ ከሁሉ ያስቆጣኝ እሱ ነውና።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የቅኔው ባሕርይ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በአማራው የዕለት ንግግርና ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ሰምና ወርቅን ያልጠቀሰ ስለ እኛ የሚናገር ሰው የለም። ዛሬ ደግሞ ጥቅሱ ፖከር ጠረጴዛ ላይ ደርሷል፤ «አፋችን ሌላ ልባችን ሌላ ስለሆነ ፉገራ በደማችን አለ» ይባላል።

የቅኔን ነገር ከወርቅ አንጥረኛው እንማር። አንጥረኛው መጀመሪያ የሰም ቅርጽ ይሠራል፤ በሸክላ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ከዚያ የቀለጠውን ወርቅ ሲያፈስበት ወርቁ ቦታውን ይይዛል። ሰሙ የተሠራው ለመቅለጥ ነው። ቅኔም እንዲሁ ነው። ባለቅኔው ወርቁን የሚሸሽገው እንዲገኝለት ነው፤ ወርቁን የሚያገኝ አዋቂ ከሌለ ቅኔው ባከነ። የጎጃምና የጎንደር ቅኔ ቤት ተማሪ ዓመታት የሚያጠፋው የተሸሸገውን ለማግኘት ነው። ሲገኝ ሰሚው ይደሰታል፤ ባለቅኔውም ይከበራል።

ፉገራስ? ፉገራ ፈጽሞ እንዳይገኝ የተሸሸገ ነው። ሲገኝ ፎጋሪው ያፍራል፤ ይከስራል። ከዚህም ይብሳል፤ ከሥሩ ወርቅ የለም። ሰሙ ሲቀልጥ ሸክላው ባዶ ነው። እንግዲህ አንዱ እንዲፈታ የተቋጠረ፣ ሌላው እንዳይፈታ የተቋጠረ ሆኖ ሳለ ሁለቱን ወንድማማች ማድረግ ቅኔንም መስደብ ነው፤ ፖከርንም አለማወቅ ነው። የጥንት ጨዋታዎቻችንንም ብናይ ምስክርነታቸው ለወጣቶቹ አይሆንም። የገበጣ ጠጠር በየጉድጓዱ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይታያል። በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም ሁሉ ነገሩ በግልጽ የተሰለፈ ነው፤ በመጀመሪያው «ወረራ» ላይ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። አባቶቻችን ሲጫወቱ ያደሩት ሁሉ ነገር በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነገር ነው።

ያ ወጣት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ፣ «እዚህ ፉገራ የማይሠራው መደቡ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ 200 ብር ማንን ያስፈራል? 2,000 ይሁን፤ ያኔ ሰው ማክበር ይጀምራል» አለ። በነገሩ ውስጥ እውነት አለበት፤ ሳያስበው የዕቃውን ክዳን ከፍቶ አሳየን። ፉገራ የሚሠራው ፍርሃት ባለበት ነው፤ ፍርሃት እንዲኖር ደግሞ ለማየት የሚከፈለው ዋጋ መወደድ አለበት።

አሁን ያን ጠረጴዛ በ2,000 ብር እናስበው። የመድኃኒት ባለሙያው ይችለዋል። የባንኳ እህት እያመነታች ትችለው ይሆናል። ታክሲ ነጂው ግን በዚያ ወር የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ያስባል። ስለዚህ ጥሩ ካርታ ይዞ እንኳ ከመሃል የተጠራቀመው ሲበዛ ይጥላል። ወጣቱም «ፎገርኩት» ብሎ ይኮራል። ምኑን ነው የፎገረው? ካርታውን አላነበበም፤ ፊቱን አላነበበም፤ ያነበበው ኪሱን ነው። መደቡ ሲያድግ ፉገራ የብልጥና የሞኝ ጨዋታ መሆኑ ያከትማል፤ የባለገንዘብና የድሃ ጨዋታ ይሆናል። «ሰው ማክበር ይጀምራል» የተባለውም መፍራት መሆኑ ነው፤ ፍርሃትን አክብሮት ብሎ መጥራት ደግሞ የቆየ ማጭበርበር ነው።

«ሕይወትም ፖከር ናት» የሚለው አባባል ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። አትላስ አካባቢ ቤት ለመከራየት የወጣ ሰው ደላላው ምን እንደሚለው ያውቃል። «ሌላ ሰው አይቶት ወዶታል፤ ዛሬ ማታ ቀብድ ካላስያዝክ ያመልጥሃል።» ሌላው ሰው አለ ወይ? አንዳንዴ አለ፤ ብዙ ጊዜ የለም። ግን ማን ደፍሮ «እስቲ እንየው» ይላል? ለማየት የሚከፈለው ዋጋ ቤቱን ማጣት ነው፤ ሌላ ወር በዘመድ ቤት ማደር ነው። ስለዚህ ሰውየው ይጥላል፤ ማለትም ይከፍላል። አሠሪው፣ «በዚህ ደመወዝ የሚሠራ መቶ ሰው በር ላይ ቆሟል» ሲል ያው ነው። ነጋዴው፣ «ነገ ዋጋው ይጨምራል፤ ዕቃውም አይገኝም» ሲል ያው ነው። እነዚህ ሰዎች የፖከር ጠበብት አይደሉም። ካርታቸው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የሚያሸንፉት እኛ ለማየት የምንከፍለው ስለሌለን ነው።

ስለዚህ «ያልፎገረ አይበላም» የሚለው ልጅ ብልጠትን አላስተማረንም፤ ሌላው ሰው ለመጠየቅ አቅም ባጣበት ቦታ ሁሉ እየገባህ ብላ ማለቱ ነው። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል፤ ሁለት ብልጦች ከተገናኙ መፋጠጥ እንጂ መብላት የለም። ፎጋሪ የሚኖረው በማይፎግር ሰው ነው፤ የመድኃኒት ባለሙያው ዓመት ሙሉ ባከማቸው ዓይነት እምነት ላይ ነው የሚሰማራው። ሁሉም ከፎገረ ማንም ማንንም አያምንም፤ ያኔ ፉገራውም ራሱ ይሞታል። ከተማችን ወደዚያ እያዘገመች እንደሆነ አንባቢ ይፍረደኝ። ሻጭ ዋጋ ሲነግረን ግማሹን ቀንሰን የምንሰማው፣ ጓደኛ «መንገድ ላይ ነኝ» ሲል ገና ከቤት አልወጣም ብለን የምንተረጉመው ለምንድን ነው?

በሌላ ወገን ያሉ ወዳጆቼንም ልመልስ። «ነገሩ ሁሉ ቁማር ነው፤ ካርታውን አቃጥሉትና ተገላገሉ» ይላሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም። ቁማር ቤት ያፈረሰውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ በ2010ዎቹ (ዓ.ም.) በየሰፈሩ ተከፍተው ባየናቸው የስፖርት ውርርድ ቤቶች ደጃፍ ላይ የወር ደመወዙን በአንድ ከሰዓት በኋላ የጨረሰ ልጅም አይተናል። ነገር ግን እዚያ ተቃዋሚው ፊት የሌለው ድርጅት ነው፤ መደቡ ወሰን የለውም፤ ለማየት የከፈለው ልጅ መጨረሻ ላይ የሚያየው ባዶ ኪሱን ነው። በቆርኪ የምንጫወተው ጠረጴዛ ወሰን አለው፤ ገንዘቡም በጓደኛሞች መካከል ይዞራል እንጂ ለቤቱ ተቆራጭ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ጠላ ቀማሹንና ሰካራሙን አንድ ማድረግ ነው። ይሁንና ድንበሩ ቀጭን መሆኑን አልክድም። ድንበሩን የሚያፈርሰው ደግሞ ካርታው ሳይሆን «መደቡ ይደግ» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ እነዚህ ወዳጆቼ እኔን ከመገሠጽ ይልቅ ያን ቃል በመቃወም ቢያግዙኝ ይሻላል።

እኔ ትንሿን ጠረጴዛ የምወድበት ምክንያት አሁን የተገለጠ ይመስለኛል። በዚህች ከተማ ውስጥ አንድ ተራ ሰው በሙሉ መብቱ «ለማየት ስንት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ፣ አሥራ ሁለት ቆርኪ ከፍሎም ሊያይ የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። እዚያ የሚያስፈራራ ሰው ካርታውን ይገልጣል። ባዶ ከሆነ እንስቃለን፤ እሱም ይስቃል፤ ካርታው እንደገና ይበወዛል። የተፎገረ አይዋረድም፤ የፎገረም አይከብርም። የባንኳ እህታችንን ወጣቶቹ «ፖከር አይገባትም» ይሏታል። እኔ ግን ከሁላችን በላይ የገባት እሷ ናት እላለሁ፤ ጨዋታው የሚጠይቀውን ዋናውን ጥያቄ ሳታፍርና ሳትፈራ ትጠይቃለችና።

እንግዲህ ካርታ የምትጫወቱ ወጣቶች፣ መነጽራችሁን አውልቁ፤ መደቡን ዝቅ አድርጉ፤ ካርታችሁን ጠብቁ። ከጠረጴዛው ስትነሡ ይዛችሁ የምትወጡት የፎጋሪውን ፊት አይሁን። ደላላው ሲያጣድፋችሁ፣ አሠሪው በር ላይ የቆመውን መቶ ሰው ሲቆጥርላችሁ፣ የምታውቋትን ጥያቄ ጠይቁ፤ ብቻችሁን ለመጠየቅ አቅም ካነሳችሁም አዋጥታችሁ ጠይቁ። ካርታው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።